ለመጀመሪያ የባንክ ሥራ አንድ ሱፍ ልብስ፦ ትከሻዬ ሰፊ፣ ወገቤ ቀጭን ነው፤ ምን ልግዛ?

ጠያቂ፦ አዲስ ተቀጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዳማ ውስጥ ባንክ ቤት ሥራ እጀምራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮትና ክራባት ግዴታ ነው። ሸሚዝና ጫማ አለኝ፤ ለሙሉ ልብሱ የያዝኩት 12 ሺህ ብር ነው፤ ከዚህ በላይ የለኝም። ቁመቴ 178፣ ደረቴ 98፣ ወገቤ 78 ሳንቲ ሜትር ነው። እስካሁን የሞከርኩት ሁሉ ትከሻው ልክ ሲሆን ሱሪው ይወልቃል፤ ሱሪው ልክ ሲሆን ኮቱ አልዘጋ ይላል። የተሰፋውን ልግዛ፣ ጨርቅ ገዝቼ ላሰፋ ወይስ ሰልባጅ ልፈልግ? ጨርቁ ጥሩ መሆኑንስ በምን ልወቅ?

መቀስና ሜትር፦

አይዞህ፣ ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነው። ከቱርክ የሚመጣው ልብስ ላይ የተጻፈው ቁጥር የደረት ልክ ግማሽ ነው። 48 ማለት 96 ሳንቲ ሜትር ደረት፣ 50 ማለት 100። አንተ 98 ስለሆንክ በሁለቱ መሀል ነህ። ቁጥሩ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ከሆነ 10 ቀንስለት፤ 50 የነበረው 40 ይሆናል።

ሱሪው ደግሞ ከኮቱ ጋር ተዛምዶ ነው የሚሰፋው። ምልክቱ ላይ «6 ድሮፕ» ወይም «8 ድሮፕ» የሚል ፈልግ። የደረትህ ግማሽ ከወገብህ ግማሽ በስንት እንደሚበልጥ የሚናገር ቁጥር ነው። 50 ባለ 6 ድሮፕ ከሆነ የሱሪው ወገብ የ44 እጥፍ፣ ማለትም 88 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ላንተ 10 ሳንቲ ይሰፋሃል። የወለቀብህ ለዚህ ነው። 50 ባለ 8 ድሮፕ ግን 84 ነው። የሱሪ ወገብ መልኩ ሳይበላሽ የሚጠበው እስከ 5 ሳንቲ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ሊነካኩ ይደርሳሉ፣ የጎን ስፌቱም ወደ ኋላ ይሳባል። ስለዚህ የምትጠይቀው «50፣ 8 ድሮፕ» ነው፤ ወገቡን 5 ሳንቲ ታስጠብባለህ፣ የቀረችው 1 ሳንቲ ለመተንፈሻ ትሁን። ኮትና ሱሪ ለየብቻ የሚሸጥ ቤት ካገኘህማ ኮቱን 50፣ ሱሪውን 46 ባለ 6 ድሮፕ ውሰድ፤ ወገቡ 80 ነው። ሁለቱ ግን ከአንድ ጥቅል መሆናቸውን ደጅ አውጥተህ በፀሐይ እይ። ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስለው ሰማያዊ ደጅ ሲወጣ ሁለት ሊሆን ይችላል።

ስትሞክር ለሥራ የምታደርገውን ሸሚዝና ጫማ አድርገህ ሂድ፤ ኪስህንም ባዶ አድርግ። መጀመሪያ የምታየው ትከሻውን ነው። የትከሻው ስፌት ያንተ የትከሻ አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ማለቅ አለበት። በጎንህ ግድግዳ ተጠግተህ ቁም፤ ክንድህ ግድግዳውን ሳይነካ በፊት የትከሻው ስፖንጅ ከተጨፈለቀ ኮቱ ሰፍቶሃል። ትከሻን ለማስተካከል እጅጌው፣ ኮሌታውና ገበሩ ይፈታል፤ በዚህ ዋጋ የሚገዛ ልብስ ላይ አይሞከርም። ትከሻው እምቢ ካለ ሌላውን ሳታይ መስቀያው ላይ መልሰው።

ቀጥለህ የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ዝጋ፤ የታችኛው አይዘጋም። ጨርቁ ቁልፉ ላይ ተስቦ በአራት አቅጣጫ መስመር ከሠራ ጠባብ ነው። በሆድህና በኮቱ መሀል ጭብጥህ ገብቶ ገና ቦታ ከተረፈ ሰፊ ነው፤ ግን እሱ አያስፈራም፣ ከሁለቱ ጎን በድምሩ እስከ 4 ሳንቲ ይጠባል። እጅጌው እጅህ ወርዶ ሲንጠለጠል ከሸሚዙ ጫፍ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ማሳየት አለበት። እጅጌው ላይ ያሉት ቁልፎች ቀዳዳቸው በእውነት የተከፈተ ከሆነ ግን ከታች ማሳጠር ከባድ ነው፤ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ይቀራል። ለማሳጠር የሚመቸው ለጌጥ ብቻ የተሰፋው ነው። የኮቱ ቁመት መቀመጫህን ይሸፍን፤ ላንተ ቁመት ከኋላ ከኮሌታው ሥር እስከ ጫፉ ከ73 እስከ 75 ሳንቲ ቢሆን ደህና ነው። አጭር ኮት አይረዝምም፤ ረጅሙንም ካሳጠርከው ኪሶቹ ወደ ጫፉ ይቀርቡና ያስጠላል።

ደግሞ ተቀመጥበት። ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ የምትውለው ቁጭ ብለህ ነው። ስትቀመጥ ጭንህ ላይ ጨርቁ ከተወጠረ ወይም የጎን ኪሶቹ አፋቸውን ከከፈቱ ወገቡ ልክ ቢሆንም ዳሌው ጠቦሃል ማለት ነው።

ጨርቅ ሻጭ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ጨርቁ ልናገር። «ሱፍ» የምንለው ልብሱን ነው፤ ጨርቁ የበግ ጸጉር ነው ማለት አይደለም። በያዝከው ገንዘብ አዲስ ተሰፍቶ የምታገኘው ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ከቪስኮስ የተቀላቀለበት ነው፤ አይናቅም። 65 እጅ ፖሊስተር፣ 35 እጅ ቪስኮስ የሆነው መቶ በመቶ ፖሊስተር ከሆነው ይሻልሃል፤ ቪስኮሱ ላብ ስለሚመጥ። አዳማ ሙቀት ነው፤ መቶ በመቶ ፖሊስተር ሙሉ ገበር ተደርጎበት በከሰዓት ፀሐይ አይቻልም። ከኋላ ገበሩ እስከ ግማሽ ብቻ የወረደ ኮት ካገኘህ እሱን አስቀድም። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ220 እስከ 250 ግራም ቢሆን ለአዳማ ይስማማል፤ 280 እና ከዚያ በላይ ለአዲስ አበባ ክረምት ነው።

ጨርቁን ለመለየት ሱሪው ገና ካልተቀመቀመ ከእግሩ ጫፍ ሁለት ሦስት ክር አስመዝዝና በክብሪት ለኩሰው። የበግ ጸጉር ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ እሳቱን ስታርቀው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቅቃል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ እንደ ጥቁር ዶቃ ይደርቃል። ቪስኮስ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ያልቃል። ቅልቅል ከሆነ ሽታውም ዶቃውም አብረው ይመጣሉ። ሻጩ ናሙና ብሎ በሚሰጥህ ቁራጭ አትፈትን፤ ክሩ ከራሱ ከልብሱ ይሁን።

ጨርቁ ዳር ላይ በወርቅማ ክር «ሱፐር 120» ተጽፎ ብታይ ለሱ ብለህ ብር አትጨምር። ቁጥሩ መነሻው የሱፉን ጸጉር ቅጥነት ለመንገር ነበር፤ አሁን ንጹሕ ፖሊስተር ላይም ይጻፋል። እውነተኛ ሱፍ ቢሆንም ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል፣ ቶሎም ይበላል። ለዘወትር ልብስ ከ100 እስከ 110 ይበቃል።

ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደማቅ ያልሆነ ግራጫ ይሁን። ጥቁር አቧራና ላብ ያሳብቅበታል፤ ለቅሶም ያስመስላል። ሰማያዊውን ኮት ቅዳሜ በሌላ ሱሪ ትለብሰዋለህ።

ልባሽ መራጭ፦

ሰልባጅን አትዝለለው። በ12 ሺህ ብር እውነተኛ የሱፍ ጨርቅ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ ከአውሮፓ የመጣ የተለበሰ ኮት ውስጥ መቶ በመቶ ሱፍ አለ። የውስጥ ኪሱ ሥር ያለውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ አንብብ፣ የጨርቁ ዓይነት እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ልብሱን ወደ ብርሃን ዘርጋው፤ ብል የበላው ቦታ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል። የብብቱን ገበር ገልብጠህ እይ፤ ላቡ ገበሩን ካጠነከረው ሽታው በእጥበት አይወጣም። የሱሪው መቀመጫና የኮቱ ክርን የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጨርቁ አልቋል፤ ካውያ አይመልሰውም። ሱሪው መሀል፣ ሁለቱ እግር የሚገናኝበት ቦታ፣ በጣትህ ሲዳሰስ ከሌላው ከሳሳ ተወው።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ካየህ «ስንት ቁጥር ነው?» አትበል። ኮቱ ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት በሜትር ይለካልህ። ላንተ ደረት ከ53 እስከ 54 ሳንቲ ይሁን። ከኋላ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት ስንት እንደሆነም ጠይቅና ከሚሆንህ ሌላ ኮት ጋር አስተያይ። ሻጩ ለመለካት ካልፈለገ እለፈው።

መቀስና ሜትር፦

ሰልባጁን አልቃወምም፤ ኮቱና ሱሪው አብሮ ልክ የሆነ ለማግኘት ግን ሦስት ሳምንት ላይበቃው ይችላል። እንዲህ ያለው ፍለጋ ለሁለተኛው ልብስህ ነው የሚመቸው።

ጥንቅቅ ያለ ስፌት፦

ማሰፋቱን ማንም ስላላነሳው ልጨምር። በደረትና በወገብ መሀል 20 ሳንቲ ልዩነት ላለው ሰው ማሰፋት ከሁሉ ይስማማዋል፤ የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ ለኮትና ሱሪ 3 ሜትር ከ20 ግዛ። ከቻልክ ግን 4 ሜትር ተኩል ገዝተህ ሁለት ሱሪ አሰፋ። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው ነው፤ ኮቱ ገና ደህና እያለ ሱሪው ካለቀ ያንኑ ጨርቅ መልሰህ አታገኘውም። ባለ ካሬ ወይም ባለ መስመር ከሆነ ለማጋጠሚያ 30 ሳንቲ ጨምር፤ ለመጀመሪያው ግን መስመር የሌለው ይሻልሃል። ጨርቁ ሱፍ ያለበት ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት በእንፋሎት ካውያ ይተኮስ፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ላውንደሪ በኋላ እጅጌው ያጥራል።

ልብስ ሰፊውን የምትመርጠው የተሰቀለ ያለቀ ሥራ አይተህ አይሁን። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያልተጨረሰ ኮት ገልብጠህ አሳየኝ በለው። የእጅጌው አናት ሳይሸበሸብ ሞልቶ መግባቱን፣ የኪሱ ክዳኖች እኩል መሆናቸውን፣ ጎን ስፌቱ ላይ ቢያንስ 2 ሳንቲ ትርፍ ጨርቅ መተዉን እይ። ትርፍ ካልተተወ ስትወፍር የምታሰፋው አይኖርህም። ቀብድ ስትከፍል ሁለት ቀን አስጽፍ፤ ኮቱ በነጭ ክር ብቻ ተያይዞ የምትሞክርበትን እና የምትረከብበትን። በነጭ ክር የሚሞከረው ሙከራ ከተዘለለ ማሰፋትህ ትርጉም የለውም፤ ትከሻ የሚስተካከለው ያን ቀን ነው። በጥር የሰርግ ወቅትና ከፋሲካ ዋዜማ ጀምሮ ሰፊዎች ስለሚጨናነቁ ሦስት ሳምንት አይበቃም። አሁን ግን ነገውኑ ከሰጠህ ይደርሳል።

ጠያቂ፦ አዲስ ተቀጣሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ 50 ባለ 8 ድሮፕ ሞከርኩ። ትከሻው በግድግዳው ሙከራ አለፈ፣ ወገቡም እንደተባለው 5 ሳንቲ ገደማ ነው የሰፋው። ግን ከኋላ ከኮሌታው ሥር ጨርቁ ተጣጥፎ አግድም እንደ ጥቅል ይቆማል። ሻጩ «በካውያ ይወጣል» አለኝ። ይወጣል?

መቀስና ሜትር፦

በካውያ አይወጣም፤ ተኩሰኸው ስትለብሰው ይመለሳል። ከኮሌታው ሥር አግድም የሚታጠፈው ትከሻህ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። ኮቱ የተሰፋው ዘቅዘቅ ላለ ትከሻ ስለሆነ ያንተ ትከሻ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የተገፋው ጨርቅ ማረፊያ አጥቶ አንገትህ ሥር ይከማቻል። ሁለት ጣትህን አስገብተህ ጥቅሉን ቆንጥጠህ ያዘው። የተያዘው ስፋቱ እስከ 1 ሳንቲ ከሆነ ሰፊው ኮሌታውን ከኋላ ፈትቶ ያን ያህል ዝቅ አድርጎ ይመልሰዋል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከ1 ሳንቲ ተኩል ካለፈ ሌላ ኮት ፈልግ፣ ኮሌታው ያን ያህል ዝቅ ሲል ደረቱ ላይ የሚታጠፈው መስመርም ይዛነፋልና። ካንተ በተቃራኒ ትከሻው የዘቀዘቀ ሰው ከአንገቱ ወደ ብብቱ ሰያፍ መስመር ነው የሚያየው፤ የሱ መድኃኒት ወፈር ያለ ስፖንጅ ነው።

ልብሱን ከመግዛትህ በፊት የማስተካከያውን ዋጋ ከሰፊው ጠይቅና ከ12 ሺህህ ላይ አስቀድመህ ቀንስ፤ ወገብ ማጥበብ፣ የሱሪ ቅምቅማት፣ እጅጌ ማሳጠርና ኮሌታ ዝቅ ማድረግ። በቀረው ብቻ ተደራደር።

ላውንደሪ ባለሙያ፦

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ኮት ደረቱ ላይ ያለው ማጠንከሪያ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ቤት ውስጥ ውኃ ውስጥ ከነከርከው ወይም ካውያውን በቀጥታ ከጫንክበት ሙጫው ይለቅና ደረቱ አረፋ አረፋ ይሠራል፤ አንዴ ካበጠ አይድንም። ስትገዛም ደረቱን በጎን ብርሃን እይ፤ ከአሁኑ ጉብ ጉብ ያለ ካለ አትውሰድ። ስትተኩስ እርጥብ ስስ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርገህበት ከላይ ተጫነው፤ ካውያውን ወዲያ ወዲህ አትጎትት። ማታ ስታወልቅ ወፍራም መስቀያ ላይ ስቀለውና በብሩሽ አቧራውን አራግፍ። ላውንደሪ በወር አንዴ ይበቃዋል፤ ስትሰጥ ኮትና ሱሪውን አብረህ ስጥ፣ አለዚያ ቀለማቸው ይለያያል።

ጥንቅቅ ያለ ስፌት፦

ከሰፊው ስትረከብ እዚያው ለብሰህ ሳትከፍል እየው። ሱሪው ጫማህ ላይ አንዴ ብቻ በትንሹ ይታጠፍ፤ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ይዘህ ቁመታቸውን አስተያይ። ከተቀመቀመው ውስጥ 4 ሳንቲ ትርፍ ይተውልህ። ከኮቱ ኋላ ያለው ስንጥቅ ላይ ኤክስ ሆኖ የተሰፋውን ክርና እጅጌው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ጨርቅ በትንሽ መቀስ ፍታቸው፤ ሲሸጥ እንዳይጨማደድና እንዲታይ የተደረጉ ናቸው። የውጭ ኪሶቹ ግን እንደተሰፉ ይቆዩ፤ ስልክ የሚገባበት ኪስ በሁለት ወር ውስጥ ይንዘረጠጣል።