ለመድኃኒት የዋጋ ጣሪያ ይውጣለት ወይስ አይውጣለት?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም የጅማ ሰዎች። በስራ ዝውውር ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁ፣ እናቴንም ይዣት ነው የመጣሁት። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሳታቋርጥ ነው የምትወስደው፣ አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን። እዛ እያለን ከነማ ፋርማሲ ነበር የምንገዛው፣ የከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ ሰልፉ ቢያሰለችም ዋጋው ከግል ይሻላል። እዚህ ጅማ ማዘዣዋን ይዤ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ስጠይቅ አንዱ ጋ የሰማሁት ዋጋ ሌላው ጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የተለጠፈ ዋጋ ደግሞ አላየሁም፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን ያያል፣ ከዛ እኔን ያያል፣ ከዛ ይነግረኛል ሃሃ። እና መንግስት ጣሪያ ማውጣት የለበትም ወይ?

የሂርማታ ልጅ፦
አለበት እንጂ! መድኃኒት እኮ ጫማ አይደለም፣ ውድ ነው ብለህ ትተኸው አትሄድም። የታመመ ሰው አይከራከርም፣ የተጠራለትን ከፍሎ ነው የሚወጣው። ትርፉ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይወሰን፣ ያለፈ ይቀጣ፣ አለቀ።

ፋርማሲስቷ፦
አላለቀም ወንድሜ። እኔ እዚሁ ከተማ የግል ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ነው የሚገባው፣ የሀገር ውስጥ ፋብሪካም ቢሆን ጥሬ ዕቃውን በዶላር ነው የሚያመጣው። እኛ ጋ ሲደርስ አስመጪውም አከፋፋዩም አትርፎበታል፣ ታዲያ ጣሪያው የሚወጣው እኛ ላይ ብቻ ነው ወይስ አስመጪውም ላይ? ልዩነቱ ደግሞ ሁሌ ሌብነት አይደለም። አንዱ ፋርማሲ የድሮ ስቶክ አለው፣ አንዱ ትናንት ነው ያስገባው፣ አንዱ የአውሮፓውን ነው የሚሰጥህ አንዱ የህንዱን፣ ስሙ አንድ ነው ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ነው። በዛ ላይ ብዙ ሰው የወር ስለማይችል የሳምንት ብቻ ይላል፣ ስትሪፑን በመቀስ ቆርጠን እንሰጣለን፣ የቀረው ሳይሸጥ ጊዜው ካለፈ ኪሳራው የኛ ነው። በነገራችን ላይ ተቆርጦ ሲሰጣችሁ ኤክስፓየሪ ዴቱ (ጊዜው የሚያልፍበት ቀን) ከቀረው ጎን ሊሆን ስለሚችል ጠይቃችሁ እዩ።

ጋሽ ቡናው፦
ልጄ ልክ ነሽ። እኔ ጣሪያ የሚሉትን ነገር በ2003 አይቼዋለሁ። ስኳሩ ዘይቱ ሌላውም ዋጋ ተተመነለትና ከሱቅ ጠፋ፣ ወራት ሳይቆይ ከአብዛኛው ላይ አነሱት። ስኳር ቢጠፋ ቡናችንን በጨው እንጠጣለን፣ ኢንሱሊን ቢጠፋስ?

የሂርማታ ልጅ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አሁንስ መቼ ሞልቶ ነው? የመንግስት ሆስፒታል ስትሄድ የለም ከውጭ ግዛ ትባላለህ። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት እኮ እዚሁ ጅማ ቅርንጫፍ አለው፣ በዋናነት ለመንግስት ጤና ተቋማት ነው የሚያከፋፍለው፣ ታዲያ እዛ መድኃኒቱ ቢሟላ ማን ወደ ግል ይሄዳል?

ጋሽ ቡናው፦
እሱስ እውነት ነው። እኔ ራሴ የማህበረሰብ ጤና መድህን አለኝ፣ መዋጮዬን በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ መድኃኒቱ የለም ከተባልኩ ግን ያው ኪሴን ነው የምዳብሰው። ለአዲስ ገቢ ደግሞ የመድህኑ መታወቂያ ከተመዘገብክበት ወረዳ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሰፈር የቀየረ ሰው ቀበሌ ሄዶ እንደ አዲስ ይጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦
ጋሼ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ማህበረሰብ አቀፉ እኔን አይመለከትም ነው የሚሉኝ። ለደመወዝተኛ የተባለው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 ወጥቶ ስንት ዓመት ሳይተገበር እንደቆየ ታውቁታላችሁ። ለዚህ እኮ ነው ከነማን የምናፍቀው።

ኮቺ ሰፈር፦
እኔ ሁለታችሁንም አልደግፍም። ጣሪያም አያስፈልግ፣ ግሉም ዝም አይባል፣ ዋጋ ይለጠፍ! አዲስ ህግም አያሻም፣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ሽሮ መሸጫው ለጥፎ ፋርማሲው የማይለጥፍበት ምክንያት ምንድነው? ቢያንስ የግፊት የስኳር የአስም የሚባሉት፣ ሰው በየወሩ የሚገዛቸው ይለጠፉ። ያኔ ሰው አይቶ ይመርጣል፣ ውዱም ራሱ ይወርዳል።

ፋርማሲስቷ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ዋጋ በየሳምንቱ እየተቀየረ መለጠፉ ቀላል እንዳይመስልህ። አዲስ ገቢ፣ አንተ እስከዛ ድረስ ይሄን አድርግ፦ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ተብሎ በጀነሪክ ስሙ (በመድኃኒቱ በራሱ ስም) ከተጻፈ ማዘዣው ላይ የኩባንያ ስም የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ “ርካሹ የትኛው ነው” ብለህ ጠይቅ፣ ነውር የለውም። የሀገር ውስጡ ካለ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ በምግብና መድኃኒት ባለስልጣን የተመዘገበ ከሆነ ለእናትህ ችግር የለውም። የሚጥል በሽታ መድኃኒትና ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን የመሳሰሉት ላይ ግን ሐኪም ሳታማክሩ ኩባንያ አትቀያይሩ። ቀይ መስቀል ፋርማሲንም ጠይቅ፣ ለትርፍ የቆመ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ይሻላል። እናትህ ክትትሏን ጤና ጣቢያ ብታደርገው ደግሞ መድኃኒቱ ባለበት ወር እዛው ትወስዳለች።

አዲስ ገቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። እሺ ዋጋ አልለጥፍም ያለውን የት ነው የምናገረው? ጤና ቢሮ ነው?

ኮቺ ሰፈር፦
የዋጋ ከሆነ ንግድ ጽህፈት ቤት። ጊዜው ያለፈበት ወይ የተጠረጠረ መድኃኒት ከሸጡልህ ነው ወደ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን የምትደውለው፣ 8482 ነጻ መስመር ነው። እነሱ ጥራቱን እንጂ ዋጋውን አይቆጣጠሩም።

የሂርማታ ልጅ፦
አያችሁ? ጥራቱን የሚቆጣጠር አለ፣ ዋጋውን የሚጠይቅ የለም። እኔ አሁንም ጣሪያ ነው የምለው፣ ከአስመጪው ይጀመር።