«የትም ይሁን» ብሎ ሁሉንም እምቢ ማለት፦ የምሳ ሰዓት እንግሊዝኛ ቸገረኝ

የሐይቅ ዳሯ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። አዲስ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ፈረንጆች አሉ። ሥራ ላይ እንግሊዝኛዬ አያሳፍርም። ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ስብሰባ ላይም እናገራለሁ። ጉዱ የሚፈላው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ምሳ የት እንብላ ሲባል አፌ ይተሳሰራል።

ባለፈው ሳምንት አንደኛው ስልኩ ላይ አንድ ቀልድ አሳየኝ። ባልና ሚስት ናቸው።
— ዌር ዱ ዩ ዋንት ቱ ኢት?
— አይ ዶንት ኬር። ኤኒዌር ኢዝ ፋይን።
— ፒዛ?
— ኖ፣ ኖት ፒዛ።
— ቻይኒዝ?
— ዊ ሃድ ዛት ላስት ዊክ።
— ኦኬ፣ ሶ ዌር?
— አይ ቶልድ ዩ፣ አይ ዶንት ኬር!

እነሱ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቃላቱ ገብተውኛል፣ ቀልዱ ግን አልገባኝም። በማግስቱ ምሳ የት ሲሉኝ ኮራ ብዬ «አይ ዶንት ኬር» አልኩ። ሰውየው ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ «ዋት ዱ ዩ ፊል ላይክ?» አለኝ። ስለ ጤናዬ የጠየቀኝ መስሎኝ «አይም ፋይን፣ ታንክ ዩ» አልኩት። እባካችሁ አድኑኝ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ አይዞሽ። «አይ ዶንት ኬር» ቃሉ «ግድ የለኝም» ነው። ባልና ሚስት ይባባሉታል። ለሥራ ባልደረባ ግን ድምፅሽ ትንሽ ጠንከር ካለ «ምን አገባኝ» ይሆናል። «አይ ዶንት ማይንድ» በዪ። ያው «ለእኔ ሁሉም ይሆናል» ነው፤ ለስለስ ይላል። «አይም ኢዚ» የሚሉም አሉ። እሱን ተዪው፣ ለሴት ልጅ ሲሆን ሌላ ትርጉምም አለው።

«ፊል ላይክ» ደግሞ ስሜትን መጠየቅ አይደለም፤ «ምን አማረሽ?» ማለቱ ነው። «አይ ፊል ላይክ ፊሽ» ካልሽ ዓሣ አምሮሻል እንጂ ዓሣ ዓሣ አላልሽም።

ቀልዱን በተመለከተ፣ ሴትየዋ በልቧ የመረጠችው ቤት አላት። ስሙን ከአፏ ሳታወጣ ባልየው እንዲገምትላት ነው የምትፈልገው። እኛስ ጋ የለም እንዴ? ባለቤቴ «ደስ ያለህ ቦታ» ካለችኝ በኋላ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ አስኳትናኛለች። አንዱ ቤት ጫጫታ ነው፣ አንዱ ወንበሩ አይመችም። በመጨረሻ የገባነው መጀመሪያ ያለፍነው ቤት ነው።

አስጎብኚው
እኔ ደግሞ ጀማሪ እያለሁ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። እንግዳዬ ምሳ ምን ትበላለህ አለኝ። «ፋስቲንግ ፉድ» አልኩት። እሱ የሰማው «ፋስት ፉድ» ነው። ባጃጅ ይዘን በርገር ቤት ገባን። ድርብ ሥጋ፣ ላዩ ላይ የቀለጠ ቺዝ። ድንቹን ብቻ ለቃቅሜ ወጣሁ፤ ሰውየው ምግቡ ያልጣፈጠኝ መስሎት ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ።

ቃሉን በትክክል ቢሰማውም ግራ መጋባቱ አይቀርም። ብዙ ፈረንጅ ጾም ሲባል ጭራሽ እህል አለመቅመስ ይመስለዋል። ስለዚህ አሁን «ኖ ሚት፣ ኖ ዴሪ ቱደይ» ነው የምለው። እንቁላልም እንዳይመጣብሽ «ቪጋን» በዪ። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍቱብኝ፣ አይዘጋም።)

ሆዴ ባዶ
«ሄንግሪ» የሚለውን ቃል ታውቂዋለሽ? «ሀንግሪ» እና «አንግሪ» ተዳቅለው የተወለዱት ነው። ርቦት የሚነጫነጭ ሰው ማለት ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስገብቶታል። ችግሩ በእኛ አፍ «ሀንግሪ» እና «ሄንግሪ» አንድ ሆነው ይወጣሉ። እኔ «ርቦኛል» ለማለት «ሀንግሪ» ስል አለቃዬ ተናደሃል እንዴ ብሎኛል። ደግነቱ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ካሸሯ
ስለ ሒሳቡ ማንም አላነሳም፤ ዋናው እሱ አይደል? እኛ «ልጋብዝሽ» ካልን ከፋዩ ታውቋል። «አይ ኢንቫይት ዩ» ግን አብረን እንሂድ የሚል ጥሪ ነው፤ ማን እንደሚከፍል አይነግርሽም። ልትከፍዪ ከሆነ «ኢትስ ኦን ሚ» ወይም «ማይ ትሪት» በዪ። በተለይ «ሌትስ ግራብ ላንች» ሲሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ቶሎ ብለን ምሳ እንቅመስ ማለት ነው እንጂ ግብዣ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር
አንድ የረሳሁት። «አይ ኩድ ኢት» ካሉሽ ቃል በቃል አትተርጉሚው። «ብበላ አልጠላም» ነው፤ ርቧቸዋል ግን አይሉም። አንቺም «ዌር?» ብለሽ ሜዳውን አትክፈቺው። «ፊሽ ኦር ሽሮ?» ብለሽ ሁለት ነገር አቅርቢ። ከሁለት መምረጥ ይቀላል።

የሐይቅ ዳሯ
ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሞከርኩት።

«አሞራ ገደል ፊሽ፣ ኦር ሽሮ?» አልኩ፣ በልበ ሙሉነት (አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያችን ነው)። አንደኛው ትናንት ዓሣ በልቻለሁ አለ። ሁለተኛው ሽሮ ሆዴን ይነፋኛል አለ። «ሶ ዌር?» ስላቸው ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ኤኒዌር ኢዝ ፋይን!» አሉኝ። እንደ ዛሬ ስቄ አላውቅም። እነሱ ለምን እንደምስቅ እስኪገባቸው ሰባት ሰዓት አለፈ። ከታች ካለው ሱቅ ብስኩት ገዝተን በላን። «ኢትስ ኦን ሚ» ብዬ።