ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የራዳር ሲግናል ቮልቴጅ የሚቀንሰው በ4 ነው ወይስ በ16?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በ10 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የፐልስ ራዳር አለን። ኮርነር ሪፍሌክተር (ሞገዱን ወደ መጣበት የሚመልስ የማዕዘን አንጸባራቂ) 100 ሜትር ላይ ስናቆም ዲቴክተሩ (የመጣውን ሲግናል ወደሚነበብ ቮልቴጅ የሚቀይረው ክፍል) 8 ሚሊቮልት አወጣ፤ 200 ሜትር ላይ ግን 0.5 ሚሊቮልት ብቻ። ተንጸባርቆ የሚመለሰው ኃይል በርቀቱ 4ኛ ፓወር ከቀነሰ ቮልቴጁ በርቀቱ ካሬ ነው መቀነስ ያለበት፤ 2 ሚሊቮልት ጠብቀን ነበር። የቱ ጋ ተሳሳትን?

መልስ 1
ስሌታችሁ ልክ ነው፤ የለካችሁት ግን የአንቴናውን ቮልቴጅ አይደለም። ዳዮድ ዲቴክተር ሲግናሉ ደካማ ሲሆን (ከ-20 ዲቢኤም ገደማ በታች፤ ዲቢኤም ከ1 ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ኃይል ነው) የሚያወጣው ቮልቴጅ የሚከተለው የገባውን ኃይል ነው፤ ይህ ስኩዌር ሎው ይባላል። ኃይሉ በ16 ሲቀንስ ንባቡም በ16 ይቀንሳል። ሲግናሉ ሲጠነክር ዳዮዱ ወደ ሊኒየር (ንባቡ የገባውን ቮልቴጅ ወደሚከተልበት) ይሻገራል፤ ያኔ የጠበቃችሁት 4 ይመጣል። መሃል ላይ ያለው ክልል ከሁለቱም ስላልሆነ እዚያ የተወሰደ ንባብ ያሳስታል።

ለማረጋገጥ ከዲቴክተሩ በፊት የ3 ዲቢ አቴኑዌተር (ኃይሉን በግማሽ የሚቀንስ መሣሪያ) አስገቡ። ንባቡ በግማሽ ከወረደ ስኩዌር ሎው ነው፤ ወደ 70 በመቶ ከወረደ ሊኒየር ነው።

መልስ 2
የአንቴናውን ቮልቴጅ ለሚፈልግ ሰው፦ 1 ኪሎዋት ፒክ ኃይል፣ 30 ዲቢ የአንቴና ጌይን (ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብበት መጠን)፣ 3 ሴንቲሜትር የሞገድ ርዝመት፣ 1 ካሬ ሜትር ዒላማ፣ 10 ኪሎሜትር ርቀት እንውሰድ። ከራዳር ቀመር የሚመጣው ኃይል 4.5 × 10⁻¹⁴ ዋት ነው። በ50 ኦም አባዝቶ ስኩዌር ሩት ሲወጣለት 1.5 ማይክሮቮልት ይሆናል፤ በ20 ኪሎሜትር ደግሞ 0.38። ባንድዊድዙ 1 ሜጋኸርዝ፣ የሪሲቨሩ ኖይዝ ፊገር (ሪሲቨሩ ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ መለኪያ) 3 ዲቢ ከሆነ ኖይዙ ብቻውን 0.63 ማይክሮቮልት ነው። ስለዚህ በ20 ኪሎሜትር አንድ ፐልስ ኖይዙ ውስጥ ይሰጥማል፤ ብዙ ፐልሶችን መደመር ግድ ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር፦ የአይኤፍ ሲግናሉን (ሪሲቨሩ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያወረደውን) በኦሲሎስኮፕ ስታዩ ግቤቱ 50 ኦም ላይ ይሁን። 1 ሜጋኦም ላይ ከተተወ ንባቡ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ የ6 ዲቢ ስህተት ነው።

መልስ 3
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ግን መሬቱንም አትርሱ። ከመሬት ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ሲገናኝ አንዴ ያጠነክረዋል፣ አንዴ ያጠፋዋል። አንቴናው 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ 200 ሜትር ላይ ከአንዱ ጠንካራ ቦታ እስከ ቀጣዩ 2 ሜትር ያህል ነው። ሪፍሌክተሩን ከ1 እስከ 3 ሜትር ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉና ንባቡን መዝግቡ። በጣም ከዋዠቀ፣ በሁለት ርቀት ብቻ በተወሰደ ልኬት ስለ ቀመሩ ምንም ማለት አይቻልም።