ለቪጎ ፒካፕ መጀመሪያ ምን ይገጠም? ጥቆማ ፈልጌ ነበር

ደርሶ መልስ፦
ሰላም ለቤቱ። መኪናዋ 2012 ሞዴል ሃይሉክስ ቪጎ ናት፤ ደብል ጋቢና፣ 2.5 ዲ ፎር ዲ የናፍጣ ሞተር፣ ማንዋል። ከፋብሪካ እንደወጣች ነች፦ 255/70 አር 15 ጎማ፣ የብረት ቸርኬ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ አፋር (ሰመራ፣ አፍዴራ)፣ አንዳንዴ ቱርሚና ባሌ ትወጣለች፤ የቀረውን ጊዜ አዲስ አበባ ናት። ሁሉን ባንዴ መግዛት አይቻልም። ጎማ፣ የፊት ብረት ፓራውልት (መከላከያ) ከነዊንቹ (በሞተር የሚሠራ መጎተቻ)፣ ስኖርክል (አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ)፣ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)፣ ባውዛ፣ ባሌስትራ (የኋላ ቅጠል ሞላ) ማስጨመር፤ ከነዚህ የቱ ይቅደም? ጎማ ቁጠባና ሱማሌ ተራ አካባቢ የሚታመን ሱቅ ካለም ጠቁሙኝ።

ቸርኬ፦
ወንድሜ፣ አንደኛ ጎማ፣ ሁለተኛም ጎማ። በአፍዴራ በኩል ወደ ኤርታ አሌ ያለው የላቫ ድንጋይ ጎማን የሚቀደው ከጥርሱ ሳይሆን ከጎኑ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ስላስፈራራህ አትግዛ፤ ጎኑን አንብብ። "ኤልቲ" የሚል ወይም ከቁጥሩ ኋላ "ሲ" ያለበት፣ 8 ወይም 10 ፕላይ (የጥንካሬ ድርብ) ይሁን። በ15 ኢንች እንዲህ ያለ ጎማ ምርጫው ጠባብ ነው። ከሌላ ሃይሉክስ ወይም ከፎርቹነር የወረደ ባለ 6 ቀዳዳ 16 ቸርኬ ካገኘህ 265/70 አር 16 ግጠም። ቁመቱ ከ738 ሚሊ ሜትር ወደ 777 ይደርሳል፤ መኪናዋ ከመሬት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ትነሳለች። ግን የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፤ 100 ሲልህ 105 እየሄድክ ነው። 265/75 ካልክ ደግሞ መሪ ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የተመረተበትን ቀን ተመልከት። "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ 2318 ከሆነ የ2018 23ኛው ሳምንት ነው። ቁጥሩ ከጎማው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ገልብጠህ እይ። ደጅ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የኖረ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ይሰነጠቃል። ከአምስት ዓመት ያለፈውን በነፃ ቢሰጡህ እንኳ ለአፋር አይሆንም።

ዱለር ብቻ፦
ብዙ አታስወሩ። ብሪጅስቶን ዱለር፣ ጎማ ቁጠባ፣ ሽማግሌው ጋ። አለቀ።

ቸርኬ፦
የቱ ዱለር? ኤች/ቲ ለአስፋልት ነው፣ ኤ/ቲ ለሁለቱም፣ ኤም/ቲ ለጭቃ። ሦስቱም ዱለር ይባላሉ።

ዱለር ብቻ፦
ሽማግሌው ያውቃል የቱ እንደሆነ።

ሳሎን፦
እኔ ብሆን መጀመሪያ 10 ኢንች አንድሮይድ ስክሪን ከነኋላ ካሜራው፣ ከዚያ የቆዳ የወንበር ልብስ። ረጅም መንገድ ላይ ምቾት ያስፈልጋል። ፓርኪንግ ላይም ካሜራው በጣም ይጠቅማል።

ናፍጣ፦
ልክ ብለሃል። አፍዴራ ላይ ጎማ ሲቀደድ ስክሪኑ ላይ የጎማ ቅየራ ቪዲዮ እያዩ ሰው መጠበቅ ነው።

ተበየደ፦
ስለ ፓራውልቱ ላስጠንቅቅ። ጥሩ ይሠራል የተባለ አንድ ጋራዥ ከነዊንቹ ገጠመልኝ። ስም አልጠራም። ያየሁት ጉድለት ይኸው። አንደኛ፣ ፓራውልቱን በብሎን ማሰር ሲገባ ሻንሲው ላይ በየዱት። ሁለተኛ፣ ዊንቹ የተቀመጠው በወፍራም ፕሌት ላይ ሳይሆን ስስ ላሜራ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ሲጎትት ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ታጠፈና ገመዱ ወደ አንድ ጎን ተጠቀለለ። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ለመኪና ቴፕ የሚሆን ቀጭን ነገር ነው፤ ሽፋኑ ቀለጠ። አራተኛ፣ ሲበይዱ ባትሪውን አልነቀሉም፣ ዲናሞው ተቃጠለ። አምስተኛ፣ ባውዛና ዊንቹ የራዲያተሩን አየር ስለዘጉት ዳገት ላይ ሙቀቱ ይወጣል።

ፍሪሲዮን፦
ስም ካልጠራህ ምን ይጠቅማል? እኛም ሄደን እንድንበየድ ነው?

ተበየደ፦
ስም ጠርቼ ክስ ልጎትት? የጻፍኩትን አምስት ነጥብ ይዘህ ሂድና ማንኛውንም ጋራዥ ጠይቅ።

ዱለር ብቻ፦
ሽማግሌው ጋ ብትሄድ ይህ አይደርስብህም ነበር።

ናፍጣ፦
ሽማግሌው ጎማ ሻጭ አይደለም እንዴ? ብየዳም ጀመረ?

ሚዛን፦
ተበየደ ትክክል ነው፣ ግን ነገሩ ከብየዳውም ይሰፋል። የብረት ፓራውልት ከዊንች ጋር ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል፤ ያ ሁሉ ክብደት ከፊት ጎማ ፊት ነው የሚንጠለጠለው። የቪጎ የፊት ሞላ ለዚያ አልተሠራም። አፍንጫዋ ዝቅ ስትል የፊት ጎማ ወደ ውስጥ ያጋድልና የውስጥ ጠርዙ ብቻ ይበላል፤ ሰው ግን "አላይመንት ነው" እያለ ደጋግሞ ያስተካክላል። ስለዚህ ፓራውልት ማለት ከባድ ሞላና አሞርትዛተርም ማለት ነው። ዋጋውን ስትደምር አብረህ ደምር።

ዊንቹ ደግሞ 9,500 ፓውንድ ሲባል 4,300 ኪሎ ነው፤ ይህ ግን ገመዱ ከበሮው ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ሙሉ ሲጎትት ከ400 አምፔር በላይ ስለሚስብ ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይፈልጋል፤ ሞተሩም መነሳት አለበት። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ፦ አፋር ሜዳ ላይ ዊንቹን ከምን ጋር ታስረዋለህ? ዛፍ የለም። ስኮርታ (ትርፍ) ጎማ ቀብሮ መጎተት ይቻላል፤ በ40 ዲግሪ ግማሽ ሜትር መቆፈር ለወደደ። ሁለት መኪና ሆኖ መሄድ ከዊንች ይሻላል።

ሃርድቶፕ፦
ቪጎ ላይ ይህን ሁሉ ከማፍሰስ ሽጠህ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ግዛ። ዋን ኤች ዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር፣ ኮምፒውተር የለው ምን የለው። ቆሻሻ ናፍጣ ቢጠጣም በአንድ መካኒክና በአንድ ካቻቪቴ ይነሳል።

ፍሪሲዮን፦
ከየት ይገዛ? በ2016 (በእኛ አቆጣጠር) ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለው ሃርድቶፕ ባለቤቱ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ደግሞ ቱርቦ የሌለው 4.2 አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ጥሎ ነው የሚነሳው። ጠያቂው ያለውን ይዞ ነው የመጣው፣ ያለውን አግዙት።

ደርሶ መልስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ለምትሉኝ ደግሞ እህት ነኝ፤ ምንም አይደለም። ስለ ስኖርክሉ ማንም አልመለሰልኝም። አዋሽ ሲሞላ የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር።

ጎሚኒ፦
እህቴ፣ ስኖርክል በዋናነት ለአቧራ ነው። ከጣሪያ ከፍታ የሚገባ አየር ከፊትሽ ያለ መኪና ከሚያነሳው አቧራ ይተርፋል፣ ፊልትሮ ቶሎ አይደፈንም። ሲገጠም ግን ክርኑና ማኒኮቶው (የጎማ ቱቦው) በፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) በደንብ ካልታሠሩ አቧራው በስንጥቁ ይገባና ከሌለው የባሰ ይሆናል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተር አስነስተሽ የስኖርክሉን አፍ በእጅሽ ድፈኚው። ሞተሩ በሰከንዶች ውስጥ ካልጠፋ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ መልሰሽ ውሰጂላቸው።

ለውሃ ከሆነ ከስኖርክል በፊት የዲፈረንሻል ማንፈሻ (አየር ማስተንፈሻ) አለ። ዲፈረንሻል ሲነዳ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲጠልቅ ውስጡ ያለው አየር ባንዴ ይኮማተርና ውሃውን በኦይል ሲሉ (ዘይት ማገጃ ጎማው) በኩል ይስባል። ዘይቱ ተቀድቶ ወተት የመሰለ ከሆነ ያ ማለት ነው፤ ቶሎ ካልተቀየረ ኩሽኔታው ዝጎ መጮህ ይጀምራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የኋላው አክስል ላይ ያለችውን ትንሽ የማንፈሻ ክዳን ፈትቶ፣ በቦታዋ የቱቦ አፍ አስገብቶ፣ ናፍጣ የሚችል ቀጭን ቱቦ በሻንሲው በኩል እስከ ካሶኒው ላይ ማውጣት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ማድረግ። የፊቱንና የትራንስፈሩንም (የፎርዊል ማርሽ ሳጥኑን) እንዲሁ ወደ ኮፈኑ ሥር ማውጣት። ቱቦው ጭስ ማውጫ እንዳይነካ፣ አክስሉ ወርዶ ሲወጣ እንዳይወጠር ትርፍ ይተውለት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መለኪያ፦
ጎሚኒ ጥሩ ብሏል። እኔ ደግሞ የምጨምረው ማንም የማይጠይቀውን ነው፦ ጥሩ የነፋስ መለኪያና 12 ቮልት ኮምፕሬሰር። ጎማ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ነፋሱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። አስፋልት ላይ ከነጭነቱ ፊት 33 ፒ ኤስ አይ፣ ኋላ 40 ግድም። የላቫ ድንጋይ ላይ 26–28፣ በዝግታ። ቱርሚ ካስኬ ወንዝ አሸዋ ላይ 18። ከ18 በታች ቸርኬው ጎማውን ጥሎ ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ስትደርሺ ሳትነፊ 80 ብትነጂ ጎኑ ግሎ ይፈነዳል፤ "ጎማው ኬሻ ነው" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሌላ የሚያምታታ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ 2,350 ሜትር ወደ ሰመራ 430 ሜትር ስትወርጂ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው በ3 ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ ከ20 ወደ 40 ሲወጣ መልሶ 3 ይጨምራል። ስለዚህ እዚያ ስትለኪ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። ማታ ግን በረሃው ሲቀዘቅዝ ዝቅ ብሎ ታገኚዋለሽ፤ ተነፈሰ ብለሽ አትደንግጪ። ሁሌም ጠዋት፣ ሳትነጂ ለኪ።

ኮምፕሬሰሩ በሲጋራ ማቀጣጠያ የሚሰካ አይሁን። ያ ሶኬት ፊውዙ 15 አምፔር ግድም ነው፣ ትልቅ ጎማ ለመንፋት ደቂቃ በደቂቃ ይለምንሻል። በቀጥታ ባትሪ ላይ የሚቆነጠጥ፣ ሞተር ተነስቶ።

ሳሎን፦
ሱዙኪ ጂምኒስ እንዴት ነው? ለከተማም ለገጠርም ይሆናል ይላሉ።

ሚዛን፦
ጂምኒ ቀላል ስለሆነ ከብዙ ቦታ ይወጣል፤ ግን ጣሪያው ላይ ፋብሪካው የሚፈቅደው 30 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ብቻውን ያንን ያልፋል። ጥያቄው ግን ስለ ቪጎ ነው።

ሳሎን፦
ጂምኒ በናፍጣ አይደለም እኮ።

ሚዛን፦
ቤንዚንም ይመዝናል።

ተበየደ፦
ጋራዡ ዛሬ ደውሎ "አምጣው እናስተካክል" አለ። እንደገና በብየዳ።

ፍሪሲዮን፦
ባትሪውን ነቅለህ ሂድ።

ጎሚኒ፦
ባሌስትራ ማስጨመር ላይ፦ ካሶኒው ሁሌም ካልተጫነ አታስጨምሪ። አንድ ቅጠል ሲጨመር ባዶ መኪና ኮሮኮንች ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ አሞርትዛተሩም ያንን መቆጣጠር አቅቶት ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ቢጨመር እንኳ ዩ ቦልቶቹ አዲስ ይሁኑ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ። ካልጠበቁ የመሐል ብሎኗ ትቆረጥና አክስሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ባውዛ የሚገጥምልሽ ሰው ሪሌይና ፊውዝ ካልጠየቀ ተነሽና ሂጂ። 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር ነው። ከፊት መብራት ማብሪያው ላይ ቀጥታ ከቀጠለው ማብሪያው ራሱ ይቀልጣል። 15 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ ሪሌይ።

ቸርኬ፦
እህቴ ይቅርታ፣ ወንድሜ ብዬ ጀመርኩ። ከካሶኒ የማይወርዱትን ልንገርሽ፦ 8 ቶን የሚችል 9 ሜትር የሚለጠጥ መጎተቻ ገመድ፣ ሁለት ሻክል (የብረት ማያያዣ)፣ አካፋ፣ ለክሪኩ 40 በ40 የሚሆን ወፍራም ጣውላ (አሸዋ ላይ ክሪክ ያለ ጣውላ ይሰምጣል)፣ ሁለት የናፍጣ ፊልትሮ። ዲ ፎር ዲ ኢንጀክተሩ ውሃ አይወድም፤ ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ አንድ ሌሊት ይርጋ፣ የታችኛው ሁለት ሊትር አይቀዳ። የሚለጠጠውን ገመድ በፍጹም የተሳቢ ኳስ ላይ አታስሪ፤ ኳሱ ሲቆረጥ እንደ ጥይት ነው የሚመጣው። ለባሌ ሐረና ጭቃና ለማጎ ዋልካ ደግሞ ሰንሰለት። ዋልካ ኤ/ቲ ጎማን ሁለት ዙር ሲዞር ለስላሳ ኳስ ያደርገዋል።

ዱለር ብቻ፦
ዋልካ ላይ ዱለር አይሞላም።

ናፍጣ፦
ዋልካው ብራንዱን አንብቦ ነው የሚተወው?

ደርሶ መልስ፦
ዛሬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ማንፈሻ ክዳን በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ በካቻቪቴ ነው የተፋቀው። የስኮርታው ጎማ ዶት ደግሞ 0912 ይላል፤ ከመኪናዋ ጋር የመጣው መሆኑ ነው። ጥርሱ እንደ አዲስ ነው፣ ጎኑ ግን እንደ አሮጌ ጫማ ተሰንጥቋል። ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ።

ቸርኬ፦
ስኮርታውን አብረሽ አስቀይሪ፤ አራት ሳይሆን አምስት ነው የሚገዛው። መጠኑም ከአራቱ ጋር አንድ ይሁን። ፎርዊል አስገብተሽ አንዱ ጎማ 4 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ትራንስፈሩ ይታነቃል።

ፍሪሲዮን፦
እና ምን ገዛሽ በመጨረሻ? ሁለት ሳምንት ሆነ።

መለኪያ፦
ከ15 ቸርኬ ወደ 16 ከቀየረች አሮጌዎቹን የምትሸጥ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አምስቱንም እፈልጋለሁ።

ዱለር ብቻ፦
ሽማግሌው ጋ ሄዳ ይሆናል።