ማይክሮስኮፑን 100 ላይ ሳዞረው ሁሉም ጭጋግ ይሆንብኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ ባክቴሪያ ግራም ስቴይን አድርጌ (ቀለም ቀብቼ) በማይክሮስኮፕ እያየሁ ነው፣ በ40 ኦብጀክቲቭ (ናሙናው አጠገብ ያለው ሌንስ) ሐምራዊ ነጠብጣቦቹ ደህና አድርገው ይታያሉ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ ወደ 100 ሳዞረው ግን ጭጋግ ብቻ፣ ፋይን ፎከሱን (ጥራት ማስተካከያውን) ወዲያም ወዲህም ባዞረው ያው ነው። አንዳንዴ ዳር ዳሩ የጠቆረ ትልቅ ክብ ነገር ይመጣል፣ እሱ የአየር አረፋ መሰለኝ፣ ባክቴሪያማ እንደዛ አይገዝፍም 😅

ኮንደንሰሩን (ብርሃን ሰብሳቢውን) እስከ ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ዲያፍራሙም (የብርሃን መጠን መቆጣጠሪያው) ክፍት ነው፣ ስላይዱም አልተገለበጠም፣ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት) የለውም፣ ዘይቱ ቀጥታ ስሚሩ (ስላይዱ ላይ የተቀባው ናሙና) ላይ ነው ያረፈው። የሚያጠራጥረኝ ሌንሱ ነው፣ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ዘይቱ ላዩ ላይ የደረቀ ይመስላል፣ በደረቅ የሌንስ ወረቀት ብጠርገውም አልለቀቀም። በምን ላጽዳው? አልኮል ከበዛ የሌንሱን ሙጫ ያላቅቃል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ወይስ ስሚሩ ወፍሮ ነው? የገጠማችሁ ካላችሁ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ