የገረባ እንጨት ስኳር አልሰጥ አለኝ፤ ሊግኒን ምን እያደረገ ነው?

ጥያቄ፦ ተማሪዋ ከሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለመመረቂያ ጥናቴ በድሬዳዋ ከቀፊራ ገበያ ዙሪያ ከሚጣለው የጫት ገረባ (ቅጠሉ ተወስዶ የሚቀረው ቅርንጫፍ) ወፍራም ወፍራሙን እንጨት ለቅሜ፣ አድርቄና አስፈጭቼ ኢታኖል ለማውጣት እየሞከርሁ ነው። ዱቄቱን በውኃ ቀቅዬ፣ ሴሉሎስን፣ ማለትም ከግሉኮስ ሰንሰለት የተሠራውን የእንጨቱን ክር፣ የሚሰብር ኢንዛይም ጨምሬ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ3 ቀናት አቆየሁት፤ የተገኘው ግሉኮስ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያው ኢንዛይም የማጣሪያ ወረቀት ሲሰጠው በልቶ ይጨርሰዋል። አማካሪዬ «ሊግኒኑ ነው» ብለው አለፉ። በትክክል ምን እያደረገ ነው? እንዴትስ ላስወግደው?

መልስ፦ የሐረሩ መምህር

እህቴ፣ መልሱ ያለው በወረቀቱ ሙከራሽ ውስጥ ነው። የማጣሪያ ወረቀት ሊግኒን የሌለበት ሴሉሎስ በመሆኑ ኢንዛይሙ ያለ ከልካይ ይደርስበታል። በእንጨት ውስጥ ግን የሴሉሎስ ክሮች ከሄሚሴሉሎስ (አጠር ካለና ቅርንጫፍ ካለው ሌላ የስኳር ሰንሰለት) ጋር ተጠላልፈው፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሊግኒን ስለሚሞላው፣ ጭድና ጭቃ ተቦክቶ እንደተመረገ ግድግዳ ይጠነክራሉ። ጭዱ ሴሉሎሱ፣ ጭቃው ሊግኒኑ ነው። ሊግኒን ከስኳር ሳይሆን ከፌኖል ወገን ከሆኑ አሃዶች ስለሚሠራ ያንቺ ኢንዛይም ሊቆርጠው አይችልም፤ መጠኑም ቀላል አይደለም፤ በሰፋፊ ቅጠል ዛፎች ከደረቁ ክብደት ከ18 እስከ 25 በመቶ፣ በጥድ ወገኖች ደግሞ ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሌላም ጉዳት አለው፤ ኢንዛይሙ ራሱ ሊግኒኑ ላይ ተጣብቆ ያለ ሥራ ይቀራል። ስለዚህ ኢንዛይም መጨመር ወጪ ከማብዛት በቀር ብዙም አይፈይድሽም።

ዱቄቱን 2 በመቶ በሆነ ኮስቲክ ሶዳ ነክረሽ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያበስለው ማሽን) በ121 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አቆይው፤ ጓንትና መነጽር እንዳትረሺ። ሲወጣ ፈሳሹ እንደ ወፍራም ቡና ጠቁሮ ታገኚዋለሽ፤ ያ ጥቁረት በአብዛኛው የሟሟው ሊግኒን ነው። የቀረውን አጥልለሽ ሶዳው እስኪለቅ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ኢንዛይሙን ከመጨመርሽ በፊት ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) ወደ 5 አምጪው።

መልስ፦ ላብራቶሪ ሠራተኛ

በሶዳው ፈንታ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ለመጠቀም ካሰብሽ ጠባዩ የተለየ መሆኑን እወቂ። አሲድ በዋናነት የሚያሟሟው ሄሚሴሉሎሱን ነው፤ ሊግኒኑ በሙቀቱ ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ተመልሶ ክሩ ላይ ይለጠፋል። ሙቀቱ ከበዛም ስኳሩ ፉርፉራል ወደሚባል መርዛማ ውህድ ተለውጦ፣ ስኳሩን ወደ ኢታኖል የሚቀይረውን እርሾ ይጎዳል። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል የሚያወጡት ከሞላሰስ (ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ነው፤ የሞላሰስ ስኳር አስቀድሞ ሟምቶ ስለሚገኝ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

መልስ፦ ከሰል አምራች፣ ድሬዳዋ

ያን ጥቁር ፈሳሽ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፊው አደራ። አሲድ ጠብ እያደረግሽ ፒኤቹን ወደ 2 ስታወርጂው ሊግኒኑ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ሲደርቅ በኪሎ ከ23 እስከ 26 ሜጋጁል የሚሰጥ ማገዶ ነው፤ የሴሉሎስ ግን 17 ገደማ ነው። እኔ ብሆን ኢታኖሉን የማጣራበትን እሳት የማነድደው በእርሱ ነበር።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሶዳው በፊትና በኋላ ያለውን የሊግኒን መጠን እንዴት ልለካ?

የሐረሩ መምህር፦

በ72 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ በ30 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አቆይተሽ፣ በውኃ ወደ 4 በመቶ አቅጥነሽ፣ በ121 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ካበሰልሽው በኋላ ሳይሟሟ የቀረውን መዝኚ፤ አመዱንም ቀንሺለት። ጫት ታኒን (እንደ ሻይ አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) የሚበዛበት በመሆኑ ግን ናሙናውን አስቀድመሽ በውኃና በኢታኖል ካላጠብሽው ታኒኑ እንደ ሊግኒን ተቆጥሮ ቁጥርሽን ያሳስተዋል።