የብሪታኒያ የቀልድ ፓነል ፕሮግራሞች፦ ነጥቡ እንዴት ይያዛል? የስርጭቱ ቀንስ በምን ይወሰናል?

በረከት (ሊድስ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በቤታችን አርብ ማታ የሳምንቱን ዜና በቀልድ የሚጠይቀውን የቢቢሲውን «ሃቭ አይ ጎት ኒውስ ፎር ዩ» አብሮ ማየት ልማድ ሆኗል። ልጆቼ እዚሁ የተወለዱ ስለሆኑ ቀልዱን ከእኔ ቀድመው ይይዙታል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ሒሳብ በመሆኑ ዓይኔ ከቀልዱ ይልቅ ነጥቡ ላይ ያርፋል። ትክክል የተባለውን መልስ ሁሉ በወረቀት እየያዝሁ ስደምር፣ መጨረሻ ላይ ከሚነበበው ውጤት ጋር የሚገጥምልኝ ከስንት አንዴ ነው። የጠቅላላ ዕውቀት ጨዋታ በሆነው «ኪው አይ» ላይ ደግሞ ጭራሽ ሰው ከዜሮ በታች ወርዶ ይጨርሳል፤ እንዴት እንደወረደ ግን የሚያስረዳ የለም። በዚያ ላይ አንዳንዱ ፕሮግራም የዚያኑ ሳምንት ዜና ሲያነሣ፣ ሌላው መቼ እንደተቀረጸ እንኳ ፍንጭ አይሰጥም። ነጥቡ እውነተኛ ነው ወይስ ለይስሙላ? የሚተላለፉበትስ ቀን በምን ይወሰናል?

ሰብለ፦

አቶ በረከት፣ ጥያቄዎ ሁለት ቢመስልም መልሱ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነጥቡ ምን ያህል እንደሚታመን የሚወስነው ፕሮግራሙ የሚቀረጽበትና የሚተላለፍበት መንገድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እርስዎ ካነሡት ልጀምር። «ሃቭ አይ ጎት ኒውስ ፎር ዩ» በ1990 በቢቢሲ ሁለት ተጀምሮ በ2000 ወደ ቢቢሲ አንድ የተዛወረ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ምዕራፍ ይቀርባል። ሐሙስ ማታ በተመልካች ፊት ይቀረጻል፤ ከዚያ ተቆራርጦና ጠበቆች አይተውት አርብ ማታ ይተላለፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀው ቀረጻ ወደ ግማሽ ሰዓት ሲወርድ፣ ነጥብ ያስገኘ መልስ ከነጨዋታው ሊወድቅ ይችላል፤ ውጤቱ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተነበበው ነው። እርስዎ በወረቀት የያዙት የተላለፈውን እንጂ የተቀረጸውን ባለመሆኑ ድምሩ ባይገጥም አያስደንቅም። ረዘም ተደርጎ በድጋሚ የሚቀርበውን ቅጂ ቢያዩ ከጎደለው ጥቂቱን ያገኙታል።

ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ እንግዳ ቢቀር ቀረጻውን ለሚቀጥለው ሳምንት ማስተላለፍ አይቻልም። በ1993 የቀድሞው የሌበር ፓርቲ ምክትል መሪ ሮይ ሃተርስሊ ለሦስተኛ ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ሲቀሩ፣ አዘጋጆቹ በወንበራቸው ፊት የአሳማ ስብ የሞላበት ዕቃ አስቀምጠው በሰውየው ቦታ እንደ ተሳታፊ ቆጠሩት። (ለእኛ አገር ሰው ስድቡ በእጥፍ የሚከብድ ይመስለኛል።) ምርጫ ሲቃረብም የገለልተኝነት ደንብ ይመጣል፤ በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ሲቀረው፣ ያን ጊዜ የቼንጅ ዩኬ ፓርቲ መሪ የነበሩት ሃይዲ አለን የተሳተፉበትን ክፍል ቢቢሲ በቀኑ ሳያስተላልፈው ቀርቷል።

«ኪው አይ» በተቃራኒው ከዜና ጋር ጉዳይ የለውም። ከ2003 ጀምሮ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል እየተሰየመ፣ ብዙ ክፍሎች በአንድ ወቅት ተከታትለው ይቀረጻሉ፤ የገናው ልዩ ክፍል እንኳ ከገና ብዙ ወራት አስቀድሞ የሚሠራ ነው። የተቀረጹበት ቅደም ተከተልና የሚተላለፉበት ቅደም ተከተል አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚደመር ነጥብ ቢኖር ኖሮ ተመልካቹ ግራ ይጋባ ነበር። ስለዚህ ነጥቡ በየምሽቱ ተወልዶ በየምሽቱ ይሞታል። ሁሉም ሰው የሚያምነውን ግን ስሕተት የሆነውን መልስ የሰጠ ሰው ጥሩምባው ይጮኽበታል፣ ቃሉ ከኋላው ባለው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ ነጥቡም ይቀነሳል፤ አስገራሚ ነገር የተናገረ ደግሞ መልሱ ትክክል ባይሆንም ሊጨመርለት ይችላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በቋሚነት የሚቀመጠው አለን ዴቪስ መጨረሻ መውጣቱ የፕሮግራሙ አንዱ ቀልድ ስለሆነ፣ ነጥቡን በሒሳብ ሰው ዓይን ባያዩት ይሻላል።

ዮናስ ዘለንደን፦

ሰብለ ያለችው ለቴሌቪዥኑ ይሠራል፤ የሬዲዮውን ግን መርሳት አይገባም። በቢቢሲ ሬዲዮ 4 ከ1967 ጀምሮ የሚተላለፈው «ጀስት ኤ ሚኒት» ሕጉ እንደ ዳኝነት የጠራ ነው። ተሳታፊው በተሰጠው ርዕስ ላይ ሳያቅማማ፣ ሳይደግምና ከርዕሱ ሳይወጣ ለ60 ሰከንድ መናገር አለበት። አንዱ ደወል ደውሎ ቢያቋርጠውና ተቃውሞው ትክክል ቢሆን፣ አቋራጩ አንድ ነጥብና ቀሪውን ጊዜ ይወስዳል፤ ተቃውሞው ውድቅ ከሆነ ነጥቡ ለተናጋሪው ይሆንና ንግግሩን ይቀጥላል። ደቂቃው ማለቁን የሚነግረው ፉጨት ሲሰማ በመናገር ላይ ያለው አንድ ነጥብ ያገኛል፣ ማንም ሳያቋርጠው ደቂቃውን ከፈጸመ ተጨማሪ ይሰጠዋል። ተቃውሞው ትክክል ባይሆንም አዳራሹን ካሳቀ ዳኛው ነጥብ ሊመርቁለት ይችላሉ። ኒኮላስ ፓርሰንስ በ2020 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ይህን ሕግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲዳኙ ኖረዋል። ስለ ነጥቡ አጥብቀው የሚከራከሩትም ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ለጆሮ የሚጥመውም ክርክሩ ነው።

ሂሩት መ.፦

እኔ ከሰብለ ጋር በከፊል አልስማማም። «በየምሽቱ ተወልዶ በየምሽቱ ይሞታል» የሚለው «ታስክማስተር»ን አይገልጸውም። እዚያ አምስት ሰዎች አንድ ሙሉ ምዕራፍ አብረው ይዘልቃሉ፤ የሚታዘዙትን አስቂኝ ተግባሮች ምዕራብ ለንደን ቺዚክ ባለው ቤት ውስጥ አስቀድመው በየግላቸው ሠርተው፣ ስቱዲዮ ሲገናኙ ዳኛው ግሬግ ዴቪስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ያድላቸዋል። ነጥቡ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚደመር የስርጭቱ ቅደም ተከተል ሊዛባ አይችልም፤ አሸናፊውም ከሌሎች ምዕራፎች አሸናፊዎች ጋር ለሌላ ውድድር ይቀርባል። ዳኛው እንዳሻው ያደላል ቢባልም፣ ያዳላው ነጥብ በትክክል ተደምሮ ይያዛል።

የቃልና የቁጥር ውድድር የሆነው የ«ካውንትዳውን» የቀልድ ቅጂም ነጥቡ እንዲሁ በትክክል ይያዛል። በሠላሳ ሰከንድ ከዘጠኝ ፊደላት ቃል ይመሠረታል፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ ሲሆን፣ ዘጠኙንም የተጠቀመ 18 ያገኛል። በቁጥሩ ዙር ከተሰጡት ቁጥሮች አስልቶ የተፈለገውን ቁጥር በትክክል ያወጣ 10፣ እስከ አምስት ድረስ ብቻ የራቀ 7፣ እስከ አሥር የራቀ 5 ይሰጠዋል። አቶ በረከት፣ ለእርስዎ የሚስማማዎት ይህኛው ነው። ፍጹም ተቃራኒውን ከፈለጉ በ2022 በቢቢሲ የተቋረጠውን «ሞክ ዘ ዊክ» ያስታውሱ፤ አቅራቢው ዳራ ኦብሪየን «ነጥቡ ለእነ እገሌ» ይል ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

በረከት (ሊድስ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቹን ይዤ ቀረጻ መግባት ይቻል ይሆን?

ሰብለ፦

ይቻላል፣ ትኬቱም በነጻ ነው። ነገር ግን የሚቀሩ ሰዎች ስለማይጠፉ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ትኬት ይሰጣል፤ ስለዚህ ትኬት መያዝ ብቻውን መግባትን አያረጋግጥም፣ ቀደም ብሎ መሰለፍ ይጠይቃል። የዕድሜ ገደቡ እንደየፕሮግራሙ ስለሚለያይ ከማመልከትዎ በፊት ያንብቡት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጨዋታው ሲያበቃ ቶሎ አይነሡ፤ አቅራቢው ምላሱ የተያዘባቸውን ዓረፍተ ነገሮች፣ አንዳንዴም ውጤቱን ራሱን፣ እንደገና እንዲያነብ ይደረጋል፤ ተመልካቹም አዲስ የሰማው ይመስል ደግሞ እንዲስቅ ይለመናል።